ጁገልን ከልጆች ጋር ስትዞሩ የጅብ ቀዳዳ እንዲፈልጉ አድርጓቸው

ሐረር ላይ ልጆች ይዞ ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ በእግር የዞረ ያውቀዋል፤ ገና ግማሽ ሳይደረስ «ደከመኝ፣ እዘለኝ» ይመጣል። ስለ አሚሮቹ ብትተርኩላቸውም አይሰሟችሁም።

ለእኔ የሠራልኝ ልጆቹ የጅብ ቀዳዳ እንዲፈልጉ ማድረግ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ ሥር ቀዳዳዎች አሉ፤ ማታ ማታ ጅቦቹ በእነሱ ሾልከው ገብተው ትራፊ ይለቅማሉ። ከሾዋ በር ተነሱና ግንቡን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀድሞ ላየ ልጅ የሚቀጥለው በር ላይ ሳምቡሳ።

ዓይናቸው ሥራ ሲይዝ እግራቸውን ይረሱታል። ግንቡ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አምስቱ ነባር በሮች ደግሞ ማረፊያ ይሆናሉ፤ ከምር ከደከማቸው ከበሩ ባጃጅ ይዞ መመለስ ነው። ውስጥ ለውስጥ ከሄዳችሁ ግን መውጫ የሌለው ጠባብ መንገድ ይበዛል፣ እየተመለሱ መሄድ ልጅን ያስለቅሳል።

ከመግሪብ በኋላ አትሞክሩት፤ ያኔ ቀዳዳው ባለቤት አለው። እጅ ማስገባትም ክልክል በሏቸው። የእኔዋ ትንሿ እስከ ክርኗ አስገብታ እፍኝ ሙሉ ጭቃ ይዛ ወጥታለች።