በዐረብኛ ደስታ ለምን ይቀዘቅዛል? የስሜት ሙቀትን ከእንግሊዝኛ ጋር እንዴት እናወዳድር

ብዙ ሰው መዝገበ ቃላት ይከፍትና «ሙቅ»ን ከ«ሙቅ»፣ «ቀዝቃዛ»ን ከ«ቀዝቃዛ» ጋር ያሰልፋል። እንደዚያ አታድርጉ። ከስሜቱ ጀምሩ። ንዴት፣ ደስታ፣ ሐዘን፣ አቀባበል ብላችሁ ጻፉና ሁለቱ ቋንቋዎች ለእያንዳንዱ ምን እንደሚሉ ፈልጉ።

የንዴቱ ሥራ ቶሎ ያልቃል። እንግሊዝኛው «ቦይሊንግ ዊዝ አንገር»፣ ዐረብኛው «የግሊ ሚነል ገደብ» ይላል። ሁለቱም ያፈሉታል። የእኛም ደም ይፈላል፣ እለፉት።

ደስታ ላይ ግን ረጋ በሉ። እንግሊዝኛ ደስ የሚል ወሬን «ሃርትዋርሚንግ»፣ ልብ የሚያሞቅ ይለዋል። ዐረብኛ ደግሞ «አስለጀ ሰድሪ» ይላል፤ ደረቴን እንደ በረዶ አቀዘቀዘው፣ ማለትም አስደሰተኝ። «ቁረቱ ዐይን»ም አለ፤ የዐይን ቅዝቃዜ እንደማለት ነው፣ ዐይንን የሚያስደስት ለሚሉት ነገር ይባላል። በቁርኣን 28፥9 የፈርዖን ሚስት ሕፃኑን ሙሳን ለእኔም ለአንተም ቁረቱ ዐይን ነው ትላለች። የድሮ ሊቃውንት ሲፈቱት፣ የደስታ እንባ ቀዝቃዛ፣ የሐዘን እንባ ትኩስ ነው ይላሉ፤ ያዘነ ሰውም «ሰኺነት ዐይኑሁ»፣ ዐይኑ ጋለ ይባልለታል። ቃሉን ከመርጋት ጋር የሚያያይዙትም አሉ፣ ሁለቱንም መዝግቡ።

አሁን «በረሃ ስለሆነ ነዋ!» ልትሉ ነው። ቆይ! ይኸው ዐረብኛ ሞቅ ያለ አቀባበልን «ኢስቲቅባል ሓር»፣ ትኩስ አቀባበል ይለዋል፤ ለሐዘንተኛም «አሐረ ተዓዚ»፣ እጅግ ትኩስ ማጽናኛ ይልካል። ስለዚህ ሙቀቱ የት እንዳለ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ጨምሩ። እንደኔ ቁልፉ እሱ ነው፦ ደረት ወይም ዐይን ውስጥ የሚነድ ነገር ሲበርድ እፎይታ ይሆናል፣ በሰውና በሰው መካከል ሲሆን ግን ትኩሱ ይመረጣል። አማርኛ አንጀቴ ራሰ ሲል ወደዚያው ሳይጠጋ አይቀርም።

ሁለቱ ቋንቋዎች ፍጹም ሲገጥሙ ደግሞ ጠርጥሩ። ዜና ላይ ስለ ግድያ የሚባለው «ቢደሚን ባሪድ» ከእንግሊዝኛው «ኢን ኮልድ ብለድ» ቃል በቃል የተተረጎመ ይመስላል፣ በቀዝቃዛ ደም። እንዲህ ዓይነቱ በትርጉም ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ቆየት ባለ ጽሑፍ ውስጥ መኖሩን እዩ።

በመጨረሻ አጠቃቀሙን አጣሩ። ለአሜሪካ እንግሊዝኛ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃላት የያዘው ኮካ የሚባለው የጽሑፍ ክምችት ይበቃችኋል። ለዐረብኛ ዱባይ ወይም ጅዳ የኖረች ዘመድ ካለች ደውሉላት፤ የምትነግራችሁ የአገሬውን የመንገድ ንግግር ስለሆነ ከመጽሐፉ ዐረብኛ ለይታችሁ ጻፉት። ስትጠይቋትም ትርጉሙን ሳይሆን ለማን፣ መቼ እንደሚባል ጠይቋት።