ለቀጭን ትከሻ ጠመንጃ ሲመረጥ የሚፈጸሙ ስህተቶች

አሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ የአጋዘን አደን ወቅት ሲቃረብ በተኩስ መለማመጃው ሜዳ ያው ትዕይንት ይደገማል። ባል ሚስቱን፣ አባት ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ጠመንጃውን የመረጠው ግን ተኳሹ ሳይሆን አምጪው ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበኝን ላስቀድም። ጠመንጃ ነክታ ለማታውቅ ሴት ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሰውን .300 ዊንቸስተር ማግነም ያስይዟትና ከኋላ ቆመው በስልክ ይቀርጿታል። ሰደፉ ትከሻዋን መትቶ ሲያንገዳግዳት ይስቃሉ። ምኑ ነው የሚያስቀው? በዚያች ቅጽበት ሰውነቷ የተማረው ምላጭ ሲሳብ ሕመም እንደሚከተል ነው። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ለስላሳ ጠመንጃ ብትሰጧት ጥይቱ ሳይወጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ምላጩንም ቀስ አድርጋ በመሳብ ፈንታ ትነጥቀዋለች። ካላመናችሁ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅላችሁ ሳታይ አጉርሱላት፤ ባዶው ላይ ስትደርስ አፈሙዙ ወደ መሬት ሲጠልቅ ታያላችሁ። እንዲህ የተተኮሰ ጥይት አጋዘኑን ሆዱ ላይ ያቆስለዋል። ደሙን እየተከተላችሁ ጫካ ውስጥ ስታመሹ ያን ቪዲዮ መልሳችሁ ተመልከቱት። ጀማሪ ትንሽ ጥይት በሚተኩሰው፣ ምቱ እምብዛም በማይሰማው .22 ይጀምር፤ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

"ትንሽ ሰው ናት፣ ቀላሉን ጠመንጃ ስጡን" የሚለው ሁለተኛው ነው። ተራራ ላይ ሲሸከሙት ቀላል ጠመንጃ ደስ ይላል፤ ሲተኩሱት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጥይቱ ሳይለወጥ ጠመንጃው ከ4 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ቢቀልል ትከሻ ላይ የሚያርፈው የምቱ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ጥይቱ ነው። በተለመደ ክብደት ባለው ጠመንጃ የ.243 ዊንቸስተር ጥይት ትከሻን በ9 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይመታል፤ 6.5 ክሪድሞር እና 7 ሚሊ ሜትር-08 ሬሚንግተን 12 ወይም 13፣ .30-06 ወደ 20፣ .300 ማግነም ደግሞ ከ25 በላይ። ስለ ምንሽር ሲወራ እየሰሙ ያደጉ አንዳንድ ታላላቆቻችን ይህን ስነግራቸው "የማይመታ ደግሞ ምን ጠመንጃ ነው" ይሉኛል። አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን አጋዘኑ የሚወድቀው በተኳሹ ትከሻ ሕመም አይደለም። በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ ስመ ጥር የነበረው የአደን ጸሐፊ የጃክ ኦኮነር ባለቤት ኤሊኖር ከአፍሪካ እስከ ሰሜን አሜሪካ ብዙ ትልልቅ እንስሳት የጣለችው በ7×57 ማውዘር ነው። የዛሬው 7 ሚሊ ሜትር-08 ከዚያ ጥይት ብዙም የራቀ ጉልበት የለውም።

ምቱን ፈርቶ ከልክ በላይ ማሳነስም አለ። ኮሎራዶ ውስጥ ለአጋዘንም፣ ከአጋዘን ለሚተልቀው ለኤልክም የአፈሙዙ ስፋት ከ.24 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ ሕጉ አይፈቅድም፤ የጥይቱ ራስ ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው)፣ ለኤልክ 85 ግሬን መሆን አለበት። ስለዚህ .223 ከጨዋታው ውጪ ነው። .243 ለኤልክ ሕጉን ያሟላል፤ እኔ ግን ጀማሪን በእርሱ ወደ ኤልክ አልልክም።

አሁን ማንም ወደማይለካው ነገር ልምጣ፤ የሰደፉ ርዝመት። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት በአብዛኞቹ ጠመንጃዎች 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም አማካይ ቁመት ላለው ወንድ የተሰፋ ልክ ነው። አጭር ሰው ሲይዘው አንገቱን አስግጎ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ ይቆማል፤ ሰደፉም ከትከሻው ጉድጓድ ተንሸራትቶ ክንዱ ላይ ያርፋል። በዚህ አቋም .243 እንኳ ያሳምማል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ግን ጥይቱ ነው! ክርንን አጥፎ ሰደፉን ክርኑ እጥፋት ላይ አሳርፎ ጣት ምላጩ ጋር መድረሱን ማየት ለመነሻ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ በቲሸርት ለክታችሁ ግን እንዳትወስኑ። ኅዳር ላይ የሚለበሰው ወፍራም ካፖርት ሰደፉን ያስረዝመዋል፤ ካፖርቱን ይዛችሁ ሂዱ። 31 ወይም 32 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አጫጭር ሰደፎች ይሸጣሉ፤ ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ንጣፍ እየተጨመረበት የሚረዝም አለ።

ሰደፉ ሲያጥር የማነጣጠሪያ መነጽሩም ቦታው እንደገና መስተካከል አለበት፤ ከዓይን 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልራቀ ቅንድብ ይሰነጥቃል።

አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ምት መቀነሻ ይሠራል፤ ድምፁ ግን አጠገብ የቆመውን ሰው ያደነቁራል። የጆሮ መከላከያ ሳያደርጉ በእርሱ መተኮስ እብደት ነው።

የጥይቱን መገኘት ሳያጣሩ መግዛት የመጨረሻው ነው። .257 ሮበርትስ ከ1934 ጀምሮ ያለ፣ ምቱ ልዝብ የሆነ ግሩም ጥይት ነው፤ ነገር ግን በትንሽ ከተማ ሱቅ ብትጠይቁ ሻጩ ራሱን ይነቀንቃል። .243 ግን ከሞላ ጎደል የትም አይጠፋም፤ ለልምምድም ለአደንም የሚበቃውን ያህል ከአንድ ዓይነት ገዝታችሁ አስቀምጡ።