የጣና ገዳማትን ቅርስ ከውጭ አጋሮች ጋር ለመመዝገብ የሚረዳ መመሪያ

በጣና ሐይቅ ደሴቶችና በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በሚገኙ ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት፣ የግድግዳ ሥዕሎችና ሕንጻዎች ከውጭ አገር ተቋም ጋር ተባብሮ ለመመዝገብ የሚነሣ የባሕር ዳር ባለሙያ፣ ካሜራና ኮምፒውተር ከማሰባሰቡ አስቀድሞ ውሉን መጨረስ ይኖርበታል። ጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. የጣና ገዳማትን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥተው ነበር። ሥራቸው ለዓለም ምሁራን ትልቅ በር ቢከፍትም መግለጫው የታተመው በጀርመንኛ በመሆኑ፣ ቋንቋውን የማያነብ የባሕር ዳር ተማሪ ደጁ ላይ ስላለው ብራና ለማወቅ ይቸገራል። መዝገብ ለጥበቃ የሚበጀው ቅርሱን ዕለት ተዕለት የሚጠብቁት ሰዎች ሊያነቡትና ሊጠቀሙበት ሲችሉ ነው ብዬ ስለማምን፣ የአማርኛ መግለጫ ከውጭ ቋንቋው እኩል እንዲዘጋጅ በውሉ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ አጥብቄ እመክራለሁ።

በውሉ ላይ የገዳሙ አበምኔትና ማኅበሩ፣ ሀገረ ስብከቱ፣ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ እንዲሁም የውጭ ተቋሙ ሊስማሙ ይገባል፤ ለጥናቱ የሚያስፈልገው ፈቃድም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይጠየቃል። ዋናው ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ ቅጂው ለእነማን እንደሚሰጥ፣ የትኛው ምስል ኢንተርኔት ላይ እንደሚወጣና የትኛው እንደማይወጣ በየአንቀጹ ይለይ። የመስቀል፣ የዘውድና የብራና ፎቶ ከተቀመጠበት ዕቃ ቤት ዝርዝር ጋር አብሮ ቢለቀቅ ለሌባ መንገድ እንደማሳየት ስለሚቆጠር፣ የቦታው ዝርዝር በዝግ መዝገብ ብቻ ይያዝ። ማንኛውም ንዋየ ቅድሳት ለፎቶ ሲባል ከገዳሙ ቅጥር አይውጣ፤ መሣሪያው ወደ ቅርሱ ይሂድ።

የቡድኑ አባላት ሲመረጡ የየገዳሙ ሥርዓት አስቀድሞ ይታወቅ። ሴቶች ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ስለማይገቡ፣ አጋሩ ተቋም የሚልካት ባለሙያ ሴት ከሆነች ሥራዋ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ወይም በናርጋ ሥላሴ እንዲሆን ከመነሻው ይመደብ። ይህን ጀልባው ከተነሣ በኋላ መንገር እንግዳዋንም ገዳሙንም ማሳዘን ነው። ጉዞው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ባሉት ወራት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጥ ጀልባው በጠዋት ይነሣ።

የሥዕል ምዝገባን በኡራ ኪዳነ ምሕረት እንመልከት። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን ሥዕሎቹ የሚገኙት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ በጨርቅ ላይ ተሥለው በጭቃው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ስለዚህ ከሥዕሉ ጋር ጨርቁ ከግድግዳው የተላቀቀበት ጠርዝ፣ ውኃ የወረደበት መስመርና ቀለሙ የረገፈበት ቦታ ሁሉ መመዝገብ አለበት። መቅደሱን በሚዞረው ክፍል፣ በቅድስቱ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ርቆ ለመቆም ቦታ ስለማይበቃ፣ ፎቶ አንሺው ከግድግዳው እኩል ርቀት ጠብቆ ወደ ጎን እየተራመደ ያንሣ፤ አንድ ቦታ ቆሞ ካሜራውን ማዟዟር ከፎቶዎቹ በኮምፒውተር የሚሠራውን የሦስት አቅጣጫ ሞዴል ያበላሻል። እያንዳንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር ቢያንስ 60 በመቶ፣ ቢቻል 80 በመቶ ይደራረብ። ፍላሽ ቀርቶ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ይቁም፤ ሁለት የኤልኢዲ መብራቶችም በግራና በቀኝ በ45 ዲግሪ ይቀመጡ። ከዚያም አንደኛው መብራት ጠፍቶ ሌላው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ከጎን ሲበራ፣ ያበጠው ጨርቅ ጥላ ስለሚጥል በመጀመሪያው ዙር ያልታየው ጉዳት ይወጣል፤ ለጥገና ባለሙያው ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ዙር ይመስለኛል። በየተከታታዩ የመጀመሪያ ፎቶ ላይ የቀለም ካርድና የመለኪያ ዘንግ ይግቡ፤ የግድግዳው ቁመት፣ ወርድና ሰያፍ በብረት ሜትር ተለክቶ በእጅ በተሣለ ንድፍ ላይ ይጻፍ። ሲፓ የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ምዝገባ ኮሚቴ ለቀላል ካሜራ ያወጣው የሦስት በሦስት ደንብም ንድፍን፣ ማስታወሻንና የመጨረሻ ፍተሻን ከፎቶው ጋር አብሮ ይጠይቃል። ወደ መቅደሱ ውስጥ መግባትም ሆነ ሌንስ ማስገባት ግን ለጥያቄም አይቅረብ።

ብራናን ማንሣት ከዚህ ይቀላል፤ ከሽፋኑና ከማኅደሩ (ከቆዳ መያዣው) ተጀምሮ ባዶዎቹ ቅጠሎች ሳይቀሩ በተራ ይነሣ፤ መጽሐፉ በግድ ተለጥጦ አይከፈት፤ ቅጠሉን የሚገልጡትም የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ወይም እርሳቸው የወከሏቸው አባት ይሁኑ።

በሁለት አገር ሰዎች መካከል መዝገቡ የሚምታታው አብዛኛውን ጊዜ በቀን፣ በሰዓትና በቦታ አጻጻፍ ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ከአውሮፓው እንደ ወሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶ በፋይሉ ስም ላይ 20241015 ተብሎ በአውሮፓው አቆጣጠር ይጻፍ፤ የኢትዮጵያው ቀን ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ በራሱ ዓምድ ይቀመጥ። በማስታወሻ ላይ «3 ሰዓት» ብቻ ተጽፎ ቢገኝ እንግዳው ሌሊት ነው ብሎ ሊረዳው ስለሚችል፣ የካሜራዎቹ ሰዓት ሁሉ ሥራው ሲጀመር ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይስተካከል። የቦታ ልኬትም እንዲሁ ነው፤ ነባሮቹ ባለ 1፡50,000 ካርታዎቻችን አዲንዳን በተባለ የልኬት መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ሲሆኑ የጂፒኤስ መሣሪያ የሚሰጠው ደብልዩጂኤስ 84 በተባለ ሌላ መነሻ በመሆኑ፣ የመነሻው ስም ካልተጻፈ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋል። በትንሽ ደሴት ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ስህተት ሐይቁ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። ከእያንዳንዱ ልኬት አጠገብ መነሻውና አካባቢያችን የሚገኝበት የካርታ ክፍል ዩቲኤም ዞን 37 መሆኑ ይጠቀስ።

የውጭ ቡድኑ ከባሕር ዳር ከመነሣቱ በፊት ፋይሎቹ በሦስት ዲስኮች ተገልብጠው አንዱ በባሕር ዳር፣ አንዱ በአዲስ አበባ፣ አንዱ በአጋሩ ተቋም ይቀመጡ። «ሀገራችን ገብተን እንልካለን» የሚለው ቃል በቅን ልቦና የተነገረ ቢሆንም በቂ አይደለም። ለገዳሙ ሥዕሎቹና የአማርኛ መግለጫው በጥሩ ወረቀት ታትመው በጥራዝ ይሰጡ፤ ማኅበረ መነኮሳቱም ከግድግዳው ጋር እያስተያዩ ስሞቹን ያርሙ። የባሕር ዳሩን ዲስክ በየዓመቱ ከፍቶ የሚፈትሽ፣ ሳያረጅም ወደ አዲስ የሚገለብጥ አንድ ባለሙያ በኃላፊነት ተመድቦ፣ ሲዛወርም ሥራውን ለተተኪው በጽሑፍ ያስረክብ።