የልጅ ማቆያ ወጪ ለከበዳቸው የወሎ ወላጆች፦ ድጋፍ ከየት እና እንዴት ይጠየቃል?

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ በቀን ሥራ፣ በጉልት ንግድ ወይም በፋብሪካ ደመወዝ የምትተዳደር እናት ለሞግዚት ወይም ለግል ሕፃናት ማቆያ ከከፈለች በኋላ የሚተርፋት እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ አንዳንዷ ሥራውን ትታ ቤት ትውላለች፤ ሌላዋ ትልቋን ሴት ልጅ ከትምህርት አስቀርታ ታናሿን ታስጠብቃለች። በአገራችን ለልጅ ማቆያ ተብሎ ለወላጅ በየወሩ የሚከፈል፣ በስፋት የተዘረጋ ድጎማ የለም፤ ከደመወዝ ግብር ላይም ስለ ልጅ ብዛት የሚቀነስ ነገር የለም። ያለው ድጋፍ በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ ስለሚገኝ፣ የትኛውን በር አስቀድሞ ማንኳኳት እንደሚገባ ማወቅ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

መጀመሪያ ሰነድ ይሟላ። የቀበሌ መታወቂያና የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት ከሌሉ የትኛውም ጥያቄ መንገድ ላይ ይቀራል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ያለበት ቢሆንም፣ ጊዜው ያለፈበት ወላጅም ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሄዶ ማስመዝገብ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ተፈናቅለው ወረቀታቸው የጠፋባቸው ቤተሰቦች ምትኩን አስቀድመው ቢያወጡ ይበጃቸዋል።

ሰፊው የድጋፍ በር ሴፍቲኔት የተባለው ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ግድም በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች፤ በኋላም ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። ድጋፉ ሁለት መልክ አለው፦ መሥራት የሚችሉ በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርተው ይከፈላቸዋል፣ መሥራት የማይችሉ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በገጠር ያለው ልማታዊ ሴፍቲኔት ለምሳሌ በመቄት፣ በዋድላ፣ በደላንታና በለጋምቦ የሚሠራ ሲሆን፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ከጉልበት ሥራ ወጥታ ለጊዜው በቀጥታ ድጋፍ እንድትታቀፍ ይፈቅዳል። ብዙ እናቶች ይህን ባለማወቃቸው ሕፃን አዝለው ድንጋይ ሲያነሡ ይታያሉ። እርግዝናው እንደታወቀ ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማስረጃ ይዞ ለቀበሌው ማመልከት ያስፈልጋል፤ ዝም ላለ ሰው ማንም ስሙን አያዛውርለትም። በሥራ ቦታ ሕፃናት የሚውሉበት ጥላ ያለው ማቆያ መኖሩንም መጠየቅ ይገባል፤ ከሌለ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ከመካከላቸው አንዷ ልጆቹን መጠበቋ እንደ ሥራ ቀን እንዲቆጠርላት ቢያመለክቱ መልካም ነው።

ተጠቃሚዎች የሚለዩት ነዋሪው በመረጣቸው ኮሚቴዎች ሲሆን ዝርዝሩም ለአስተያየት ይፋ ይደረጋል። ስሙ ያልወጣለት ሰው ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ ያቅርብ፤ በማመልከቻው ላይም “ድሃ ነኝ” ብሎ ከማለፍ ይልቅ የቤተሰቡን ቁጥር፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች፣ የቤት ኪራዩንና ሥራ የሚቋረጥባቸውን ወራት መዘርዘሩ የተሻለ ክብደት ይኖረዋል።

ተቀጣሪ ለሆነች እናት ሁለተኛው በር የሥራ ቦታዋ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል፤ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስም ከሥራ መሰናበት የለባትም። ይህ ፈቃድ ራሱ ለማቆያ ሊከፈል የነበረን ገንዘብ ያስቀራል። አዋጁ የግል ድርጅቶችን ማቆያ እንዲከፍቱ ባያስገድድም፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና በኢንዱስትሪ ፓርኩ ያሉ ሠራተኞች በሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል ማቆያው ወይም የማቆያ አበሉ በኅብረት ስምምነት ውስጥ እንዲገባ መደራደር ይችላሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በበኩሉ ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ በመሥሪያ ቤቶች እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በአዲስ ስለተተካ የፌዴራል ሠራተኛ አሁን የሚሠራበትን ሕግ፣ የክልል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደግሞ የክልሉን ሕግ ከሰው ሀብት ክፍል ትጠይቅ።

ከልጇ አባት ጋር የማትኖር እናት የልጁ ቀለብ እንዲወሰንላት ለወረዳ ፍርድ ቤት ልታመለክት ትችላለች፤ ሁለቱም ወገኖች ፈቃደኛ ከሆኑ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይቻላል። አባትነቱ የታወቀ ሰው ባያገባትም ከግዴታው አያመልጥም። ብዙ ሴት “ነገር አልፈልግም” ብላ ትተወዋለች፤ ቀለቡ ግን የልጁ መብት ስለሆነ የእርሷ ይሉኝታ ሊያስቀረው አይገባም። አቤቱታ የሚጽፍላት ካጣች የወረዳውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ወይም የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ታማክር።

ማቆያውን በቀጥታ ባይከፍሉም ገንዘብ የሚያተርፉ ሁለት ነገሮች አሉ። ተሁለደሬ ቀድማ የሞከረችው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለመክፈል አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች መዋጮ በመንግሥት ይሸፍናል፤ ልየታው በቀበሌ ስለሚካሄድ ጊዜው እንዳያልፍ መከታተል ነው። ዕድሜው የደረሰ ልጅ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው ኦ ክፍል ቢገባ ቢያንስ የግማሽ ቀን ክፍያ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ካልተሳካ ወይም እስኪሳካ ድረስ ቅሬው (ዕድሩ) አለ። ቅሬ ለለቅሶ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ በደንቡ ላይ ለችግረኛ አባል ድጋፍ የሚፈቅድ አንቀጽ መኖሩን ጸሐፊውን ይጠይቅ፤ የቀበሌው የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረትም ባለበት አካባቢ ከቅሬና ከእምነት ተቋማት የሚገኘውን መዋጮ ለተቸገሩ ያደርሳል። ሦስት አራት እናቶች በየተራ ልጅ ቢጠባበቁም እያንዳንዷ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሥራ ትታ በሌሎቹ ቀናት ትሠራለች። የግል ማቆያ የሚመርጥ ወላጅም ሙሉ ክፍያ ከመስማማቱ በፊት የግማሽ ቀን ዋጋና ለሁለተኛ ልጅ ቅናሽ መኖሩን ይጠይቅ፤ ከቀበሌ የተጻፈ የአቅም ማረጋገጫ ይዞ ቢቀርብ ደግሞ የማቆያው ባለቤት ቅናሹን ለማሰብ ይቀላታል።