ካርዱ ላይ አውቀዋለሁ፣ ጥያቄው ላይ ይጠፋብኛል፦ የፍላሽ ካርድ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ለስቴፕ 1 ስዘጋጅ አንኪን፣ ማስታወስ አለማስታወሳችሁን በቁልፍ ስትነግሩት የካርዱን ቀጣይ ቀጠሮ የሚወስነውን የፍላሽ ካርድ መተግበሪያ፣ አንድ ዓመት ገደማ በየቀኑ ተጠቅሜበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ለዚሁ የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና የሚያጠኑ ታናናሾቼ ሲጨነቁ ስልካቸውን ተቀብዬ አያለሁ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ጭንቅላቴ አልይዝ አለ።» ጭንቅላታቸው ደህና ነው። ችግሩ ካርዱ የተሠራበት ወይም ቁልፉ የሚጫንበት መንገድ ነው። ስለዚህ እንደ ታካሚ እንየው፤ ከምልክቱ ተነስተን ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ ሕክምናው።

ካርዱን ትመልሳላችሁ፣ ጥያቄውን ትስታላችሁ

ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ይሄኛው ነው። አንኪ ከአሥር ካርድ ዘጠኙን እንደምታስታውሱ ያሳያል፤ የጥያቄ ባንክ ስትከፍቱ ግን ግማሹን ትስታላችሁ።

መንስኤው ዕውቀቱ ከካርዱ መልክ ጋር መጣበቁ ነው። ካርዱ «____ የሳንባ ፋይብሮሲስ (ጠባሳ) ያመጣል» ይላል እንበል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዐረፍተ ነገሩን አንብባችሁ ሳትጨርሱ «ብሊኦማይሲን» ትላላችሁ፤ የካንሰር መድኃኒት ነው። ዐይናችሁ የለየው የዐረፍተ ነገሩን ቅርጽ ነው። ፈተናው ላይ ደግሞ «ፋይብሮሲስ» የሚል ቃል ላይኖር ይችላል። የሚመጣው የ27 ዓመት ወጣት ነው፤ ከጥቂት ወራት በፊት ለወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር ኬሞቴራፒ ወስዷል፤ አሁን ደረቅ ሳል ይዞታል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጥያቄው «ለዚህ ያበቃው መድኃኒት የሚሠራው በምን መንገድ ነው?» ይላል። መልሱ ነፃ ራዲካል ፈጥሮ ዲኤንኤን መበጣጠሱ ነው። ከታካሚው ወደ ሕመሙ፣ ከሕመሙ ወደ መድኃኒቱ፣ ከመድኃኒቱ ወደ አሠራሩ መሄድ አለባችሁ። ካርዳችሁ የያዘው ከእነዚህ አንዷን ብቻ ነው።

ሕክምናው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካርዱን ገልብጡት፤ ታካሚውን ከፊት አድርጋችሁ መድኃኒቱን ጠይቁ፣ በሌላ ካርድ ደግሞ መድኃኒቱን ከፊት አድርጋችሁ አሠራሩን። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ጥያቄ መሥራትን «ካርዱን ከጨረስኩ በኋላ» ብላችሁ አታሳድሩት። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየቀኑ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በሰዓት ሥሩ። ፈተናው ለአንድ ጥያቄ የሚሰጣችሁ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ያንን ፍጥነት ካርድ አያስተምርም።

የሳታችሁትን ጥያቄ ወደ ካርድ ከመለወጣችሁ በፊት ግን ለምን እንደሳታችሁት ለዩ። አላውቀውም ነበር? ካርድ ይሠራለት። አውቀዋለሁ ግን «የማይሆነው የቱ ነው» የሚለውን ዘልዬዋለሁ? ለዚህ ካርድ አያስፈልገውም፣ የጥያቄውን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ ማንበብ ነው የሚያስፈልገው። የማብራሪያውን ገጽ በሙሉ ካርድ ላይ የሚገለብጡ ብዙ አይቻለሁ። ከአንድ ጥያቄ አንዲት የጎደለች ነገር ትውጣ፣ በቂ ነው።

አንዱ ካርድ ደጋግሞ ይወድቃል

አንኪ 8 ጊዜ የወደቀን ካርድ «ሊች» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ሊች አልቅት ማለት ነው። ስሙ ይገባዋል፤ ተጣብቆ ጊዜያችሁን ይመጥጣል።

አብዛኛውን ጊዜ አልቅት ብቻውን አይመጣም፣ የሚመሳሰለው ወንድም አለው። ከማየው ሁሉ የሚበዛው የቲቢ መድኃኒቶች ነው። አራቱ አብረው ይታዘዛሉ፣ ሦስቱ ጉበትን ይጎዳሉ፣ የጎንዮሽ ጉዳታቸው በአንድ ሠንጠረዥ ተደርድሮ ይጠናል። ከዚያ ኢዞኒያዚድና ኢታምቡቶል ቦታ ይለዋወጣሉ። ካርዱን ሃምሳ ጊዜ ብታዩት አይድንም፤ ችግሩ መርሳት አይደለም፣ መምታታት ነው።

መፍትሄው ለእያንዳንዱ መድኃኒት አንድ ታካሚ መስጠት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋርድ የሠራ ሐኪም ለዚህ ከማንም ይበልጥ የታደለ ነው። «ዶክተር፣ ሽንቴ ደም ሆነ» ብሎ ደንግጦ የመጣ ታካሚ ያላየ ኢንተርን አለ? እሱ ሪፋምፒሲን ነው። እግሬን እንደ እሳት ያቃጥለኛል የሚለው ኢዞኒያዚድ ነው፤ የሚከላከለውም ቫይታሚን ቢ6። ቀዩንና አረንጓዴውን መለየት ያቃተው ኢታምቡቶል፤ የእግሩ አውራ ጣት መገጣጠሚያ በሪህ ያበጠው ፒራዚናማይድ። የድሮውን ካርድ አጥፉትና ታካሚው የሚናገረውን ከፊት፣ መድኃኒቱን ከኋላ አድርጋችሁ አዲስ ሥሩ። ያያችሁት ሰው ካለ አልጋ ቁጥሩን አስታውሱት፤ ስሙን ግን ካርድ ላይ አትጻፉ።

በቀን የሚጠብቃችሁ ካርድ ከአቅማችሁ በላይ ሆኗል

መንስኤው ዛሬ የሠራችሁት አይደለም፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የጀመራችሁት ነው። አንኪ ስትጭኑት በቀን 20 አዲስ ካርድና 200 ክለሳ ብሎ ይጀምራል። ይህ አንድ ለአሥር ስሌት በከንቱ የተቀመጠ አይደለም። በጉጉት በቀን 60 አዲስ የጀመረ ሰው ቆይቶ 600 ክለሳ ሊጠብቀው ይችላል። አንዱን ካርድ በ10 ሰከንድ ከመለሰ 100 ደቂቃ ነው። ካርዱ ረጅም ሆኖ 25 ሰከንድ ከወሰደበት ግን ከ4 ሰዓት በላይ ይሆናል። ስለዚህ የካርድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የካርድ ርዝመትም ይገድላል። «የኔፍሮቲክ ሲንድሮም መንስኤ፣ ምልክትና ሕክምና» የሚል ካርድ ካላችሁ ያ ካርድ አይባልም፤ ምዕራፍ ነው። በትኑት።

የተከመረውን ለማቃለል አዲስ ካርድን ዜሮ አድርጉ። 1200 ካርድ ቢከመርና በየቀኑ ቀጠሮው የደረሰ 80 ክለሳ ቢጨመርበት፣ እናንተ 200 ብትሠሩ በየቀኑ 120 ይቀንሳል፤ በ10 ቀን ታልቃለች። በአንድ ሌሊት 1200 ለመጨረስ የተቀመጠ ሰው ግን 400ኛው ላይ ሳያነብ መጫን ይጀምራል። ሁሉንም ደምስሶ ከዜሮ መጀመርም ፈጽሞ አያስፈልግም።

ያስታወሳችሁት የመሰላችሁ ካርድ ከወር በኋላ ጠፍቶ ይመጣል

ቁልፉን ተመልከቱ። መልሱን ረስታችሁ፣ ስታዩት «አዎ፣ ይሄ እኮ ነው» ብላችሁ «ሃርድ» (ከብዶኛል) ትጫናላችሁ? አንኪ «ሃርድ»ን እንደ ማለፍ ነው የሚቆጥረው፤ ቀጠሮውን ያርቀዋል። የረሳችሁት «አጌን» ነው፤ ይሉኝታ አያስፈልገውም። እኔ ታናናሾቼን የምመክረው ሁለት ቁልፍ ብቻ እንዲጠቀሙ ነው፦ ረሳሁ «አጌን»፣ አስታወስኩ «ጉድ»። መልሱንም ከመገልበጣችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩት፤ ሐሰቱ ወዲያው ይታወቃል።

ተቃራኒው ችግርም አለ፤ በደንብ የምታውቁት ካርድ በየሦስት ቀኑ እየተመለሰ ያሰለቻል። በድሮው ስሌት እያንዳንዱ «አጌን» የካርዱን ምጣኔ፣ ማለትም ቀጣዩ ቀጠሮ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነውን ቁጥር፣ ከ250 በመቶ ተነስቶ በ20 በ20 ያወርደዋል፤ 130 ላይ ሲደርስ እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ አንኪ ውስጥ ኤፍኤስአርኤስ የሚባል አዲስ ስሌት ገብቷል። ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ አብሩት፣ ከራሳችሁ ታሪክ እንዲማርም «ኦፕቲማይዝ» በሉት። የማስታወስ ግቡን 90 በመቶ ላይ ተዉት። 97 ማድረግ ትጋት ይመስላል፤ የሚያተርፈው ግን የክለሳ ብዛት ነው።

ተዘጋጅቶ የመጣው ዴክ (የካርድ ስብስብ) አልገባ አለ

አንኪንግን የመሰለ ከ30 ሺህ በላይ ካርድ ያለው ዴክ አውርዶ ከላይ መጀመር፣ ያልሄዱበትን ትምህርት በፈተናው ወረቀት እንደ ማጥናት ነው። ካርድ የተረዳችሁትን ያቆያል፣ ያልተረዳችሁትን አያስረዳም። ሁሉንም «ሰስፔንድ» አድርጉ፣ ማለትም ለጊዜው እንዳይመጡ አግዷቸው። ዛሬ የኩላሊትን ክፍል ካነበባችሁ የኩላሊትን ካርድ ብቻ ክፈቱ።

«በአማርኛ ልሥራው?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ካርዱ በእንግሊዝኛ ይሁን። መልሱን ካያችሁ በኋላ ግን ለምን እንደሆነ በአማርኛ ለራሳችሁ ንገሩት። የልብ ድካም ያለበት ሰው እግሩ ለምን እንደሚያብጥ ለእናታችሁ ማስረዳት ካቃታችሁ፣ ካርዱን የያዛችሁት በቃል ብቻ ነው።

ከዲውቲ (ከተረኝነት) በኋላ ሁሉም ይወድቃል

ድካም ነው፤ ቁጥሩን አትመኑት። ክለሳውን ጠዋት ከራውንድ (ከታካሚዎች ጉብኝት) በፊት ጨርሱት፤ ከዲውቲ በወጣችሁበት ቀን አዲስ ካርድ አይኑር። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሆስፒታል ከሆናችሁ የካርዶቹን ሥዕል ዋይፋይ ባለበት ቦታ አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ስልክና ኮምፒውተር ስታገናኙ «አፕሎድ ወይስ ዳውንሎድ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ቁሙ። የምትመርጡት አንዱን በሌላው ላይ የሚጽፍ ነው። የቅርብ ጊዜ ሥራችሁ ያለው የትኛው ላይ እንደሆነ አረጋግጡ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ያዙ፣ ከዚያ ምረጡ።

ሦስት ሳምንት ቀርቷል፣ ያልተነኩ ካርዶች ሺህ ናቸው

አይነኩ። ከዚህ በኋላ የሚጀመር ካርድ ሳይጸና ፈተናው ይደርሳል፣ የጸናውንም ጊዜ ይወስድበታል። አዲሱን ዜሮ አድርጉ፣ የቀን ክለሳችሁን ቀጥሉ፣ የተረፈውን ሰዓት ለጥያቄ ስጡት። ልዩ ቦታ የምሰጠው ከጥያቄ ስህተቶቻችሁ ለሠራችኋቸው ካርዶች ብቻ ነው፤ እነሱን ለይታችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እለፏቸው። በዋዜማው አንኪን አትክፈቱት፤ መታወቂያችሁንና የፈተና ፈቃዳችሁን ቦርሳ ውስጥ አስገቡ፣ የምትሄዱበትን መንገድ አንዴ እዩት፣ በጊዜ ተኙ።