ቅማንትነይን ለማበርታት ስንነሳ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር ዙሪያ፣ በተለይ በጭልጋና በላይ አርማጭሆ፣ የቅማንት ሕዝብ ቋንቋ የሆነውን ቅማንትነይ የሚያወሩ አዛውንት ነበሩ፤ አሁንም ጥቂት አሉ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰው ቅማንት ነኝ ብሏል። አፉን የፈታበት ቋንቋ ቅማንትነይ እንደሆነ የተናገረው ግን 1,650 ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ቀብረናል! እናም የቀረውን ጊዜ በሚከተሉት ስህተቶች ባናባክነው እላለሁ።

የከፋው ስህተት በጀማሪ ላይ መሳቅ ነው። ልጁ ከአያቱ የሰማውን ቃል ይዞ ይመጣል። ግሱን ያበላሻል፣ የጎደለውን በአማርኛ ይሞላል። ቡና ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ከደስታ የመጣ ሳቅም ይኖርበታል። ልጁ ግን ሁለተኛ አይሞክርም። እኔም አንዴ እንዲህ ስቄያለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በአፍንጫ የሚወጣ፣ አማርኛ ላይ የሌለ ድምፅ እኮ አለው ቋንቋው! በአንድ ቀን ከየት ይመጣል? ልጁ ሲሳሳት አታርሙት። መልስ ስትሰጡት ትክክለኛውን ቃል አስገቡለት፣ ሰምቶ ራሱ ያስተካክላል።

ሌላው፣ አዛውንቱን እንደ መዝገበ ቃላት መጠየቅ ነው። ሞባይል ደቅኖ «እማማ፣ ውሃ ምን ይባላል? እሳትስ?» ይባላል። እማማ ሃያ ቃል ሰጥተው ይደክማሉ። ይልቅ ሁለት አዛውንት አገናኙና ስለ ድሮ ሠርግ፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ጠላ አጠማመቅ ያውሩ። ቋንቋው ያለው እርስ በርስ ሲቀባበሉት ነው። ቅጂውንም ለልጆቻቸው መልሱላቸው። ይዞ መጥፋት ነውር ነው።

አማርኛን እንደ ባላጋራ ማየትም አይጠቅምም። ገበያው፣ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ በአማርኛ ነው። አንድ ልጅ ሁለቱንም ይችላል።

ፊደል ከዜሮ ለመፍጠር መድከምም አያስፈልግም። ዘመዶቹ የአውኚና የብሌን ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ያ የአፍንጫ ድምፅ በ«ጘ» ይጻፋል። ከእነሱ መዋስ ነው።

የመጨረሻው፣ ሁሉን ነገር ለትምህርት ቤት መተው ነው። አውኚ በአዊ፣ ኽምጣና በዋግ ኽምራ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አዊና ዋግ ልጁ ቤቱም ቋንቋውን ይሰማል። እኛ ጋ ክፍል ውስጥ የተማረውን ቤት ሲገባ የሚመልስለት ከሌለ ምን ይሆናል? ስለዚህ ከቤት ጀምሩ፣ ከትንሽ። ቡና ሲፈላ አቦሉን በቅማንትነይ ብቻ ጠጡ። የቻለ ይናገር፣ ያልቻለ ይስማ። አያት ካሉ ወሬውን እሳቸው ይክፈቱት። ቶናው ሲመጣ ወደ አማርኛ ትመለሳላችሁ።