ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ ከሉል ላይ ሲበተን እንዴት ይሰላል?

ሞገድ ሉላዊ ቅንጣት ሲያገኝ ምን ያህሉ እንደሚበተንና ምን ያህሉ እንደሚዋጥ የሚያሳየው ሒሳብ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው፤ ሉድቪግ ሎሬንዝ በ1890 እ.ኤ.አ.፣ ጉስታፍ ሚ ደግሞ በ1908 እ.ኤ.አ. በየበኩላቸው አሳትመውታል። ዛሬ ስሌቱን በኮምፒውተር የሚሠራውን ሰው የሚፈትነው ቀመሩ ሳይሆን የቁጥሮቹ ትክክለኛነት በስሌቱ መሐል መጥፋቱ ነው።

በቅድሚያ ሁለት መጠኖች ያዘጋጁ። አንደኛው የሉሉ ዙሪያ ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው የመጠን መለኪያ ሲሆን፣ እዚህ ኤክስ እንለዋለን፤ የሞገዱ ርዝመት ሉሉ ባለበት አካባቢ ውስጥ ያለው እንጂ በባዶ ጠፈር ያለው አለመሆኑን ያረጋግጡ። ሁለተኛው የሉሉ የስብረት ጠቋሚ (ሞገዱ በአንድ ነገር ውስጥ ከባዶ ጠፈር አንጻር ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር) ለአካባቢው የስብረት ጠቋሚ ሲካፈል የሚገኘው ኤም ነው። ሉሉ ሞገድ የሚውጥ ከሆነ ኤም ኮምፕሌክስ ቁጥር ይሆናል፤ የኢማጅናሪ ክፍሉን ምልክት አንዳንድ ጽሑፎች አዎንታዊ፣ ሌሎች አሉታዊ ስለሚያደርጉት፣ ቀመሩንና ኤምን ከተለያየ ቦታ የወሰደ ሰው የተዋጠው ኃይል ከዜሮ በታች ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ኤክስም ሆነ የኤክስና የኤም ብዜት ከ1 እጅግ ካነሱ ረጅሙ ስሌት አያስፈልግም፤ ለጥቃቅን ሉሎች የሚያገለግለው አጭሩ የሬይሊ ቀመር ይበቃል። በ10 ሴንቲ ሜትር ሞገድ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ራዳር ትንንሽ የዝናብ ጠብታዎችን የሚያየው በዚህ ሁኔታ ነው።

ከዚያ በላይ ግን መስኩ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ በደረጃ የተቆጠሩ ክፍሎች ድምር ሆኖ ይጻፋል፤ የውስጡና የውጪው መስክ በሉሉ ገጽ ላይ እንዲጋጠሙ በማድረግ ለእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ኮኤፊሸንቶች ይሰላሉ፤ አንዱ ለኤሌክትሪካዊው፣ ሌላው ለማግኔታዊው ክፍል ነው። ድምሩ ማቆሚያ ባይኖረውም፣ የመጨረሻው ደረጃ ኤክስ + 4 × (የኤክስ ኪዩብ ሩት) + 2 ሲሆን ቢቆም ይበቃል። ከዚያ በላይ ደረጃ መጨመር ለጥንቃቄ ቢመስልም ስሌቱን ሊያበላሽ ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮኤፊሸንቶቹ የሚሰሉባቸው የቤሰል ፈንክሽኖች (የሞገዱን ከሉሉ መሐል ሲርቁ መለዋወጥ የሚገልጹት) ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚሰሉበት ቀመር ሁለት መፍትሔዎች አሉት፤ ደረጃው ከኤክስ ሲያልፍ የምንፈልገው እየመነመነ፣ ሌላው በፍጥነት እያደገ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ በሚያጠጋጋበት ጊዜ የሚፈጠረው ቅንጣት ስሕተት ከሚያድገው ጋር ተቀላቅሎ ትክክለኛውን መልስ ይውጠዋል። ስለዚህ በሉሉ ውስጥ ያለውን መስክ የሚወክለውን ሎጋሪዝማዊ ዲሪቬቲቭ (የፈንክሽኑ ዲሪቬቲቭ ለራሱ ለፈንክሽኑ ሲካፈል የሚገኘውን) ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ያስሉ፦ ከመጨረሻው ደረጃና ከኤምና ኤክስ ብዜት ፍጹም ዋጋ የሚበልጠውን ወስደው 15 ይጨምሩበት፣ እዚያ ላይ ዋጋውን ዜሮ ብለው ይጀምሩና ወደ አንደኛው ደረጃ ይውረዱ። የመነሻው ግምት ስሕተት በየደረጃው እየጠፋ ስለሚሄድ ውጤቱን አይጎዳውም። ከሉሉ ውጪ ያሉት ፈንክሽኖች ግን ድምሩ በተባለው ቦታ እስከቆመ ድረስ ወደ ላይ ቢሰሉ ችግር የለውም።

ኮኤፊሸንቶቹ ሲገኙ፣ በየደረጃው የሁለቱን ድምር ሪያል ክፍል በ(2 × ደረጃው + 1) አባዝተው ይደምሩ፤ ድምሩን በ2 አባዝተው ለኤክስ ስኩዌር ሲያካፍሉ አጠቃላዩን የመቀነስ ብቃት፣ ማለትም ሉሉ በመበተንና በመዋጥ ከሞገዱ የሚቀንሰው ኃይል በሉሉ የጥላ ስፋት ላይ ከሚያርፈው ጋር ሲነጻጸር ያለውን መጠን፣ ያገኛሉ። በሪያል ክፍሉ ምትክ የሁለቱን ፍጹም ዋጋዎች ስኩዌር ድምር ካስገቡ የብተናው ብቃት ይወጣል፤ የሁለቱ ብቃቶች ልዩነት የተዋጠው ነው።

ፕሮግራሙን ለሥራ ከማዋልዎ በፊት በታወቀ ምሳሌ ይፈትኑት። ሬዲየሱ 0.525 ማይክሮ ሜትር፣ ኤም 1.55፣ የሞገዱ ርዝመት 0.6328 ማይክሮ ሜትር ሲሆን ኤክስ 5.213 ይሆናል፤ ድምሩ በ14ኛው ደረጃ ይቆማል፣ ቁልቁል ስሌቱም ከ29 ይጀምራል። ሉሉ ምንም ስለማይውጥ ሁለቱም ብቃቶች እኩል 3.10543 መሆን አለባቸው። የሁለቱ እኩልነት ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ በተሳሳተ ኤክስም ቢሆን እኩል ይወጣሉና ዋጋውንም ያመሳክሩ። በየማዕዘኑ የሚበተነውን ሲያሰሉ ደግሞ የዜሮ ዲግሪውን የብተና አምፕሊቲዩድ ሪያል ክፍል በ4 አባዝተው ለኤክስ ስኩዌር ያካፍሉ፤ የመቀነስ ብቃቱን ካልሰጠዎት የስሕተቱን ፍለጋ ከማዕዘን ፈንክሽኖቹ (በየማዕዘኑ ኮኤፊሸንቶቹን ከሚያባዙት) ይጀምሩ።